ደረጃው አስተያየት ነው፣ ገንዘቡ ግን የእናንተ
(ለአዳዲስ ሳንቲም ሰብሳቢዎች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? ሰዓታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሴ ብርቅዬ ሳንቲም መግዛትና መሸጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ግን ስለ ደረጃ፣ ማለትም ሳንቲሙ ምን ያህል ሳይጎዳ እንደቆየ ለመግለጽ ስለሚሰጠው ቁጥር ነው። ለምን ብትሉኝ፣ እኔ እንደማየው ጀማሪ ሰብሳቢ በብዛት የሚከስረው ፎርጅድ ገዝቶ አይደለም። ኦሪጅናሉን ሳንቲም በማይገባው ደረጃ ሒሳብ ገዝቶ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናጥራ። ሳንቲም ስላረጀ ብቻ ውድ አይሆንም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ ተራ የሮም የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ዕድሜያቸው 1600 ዓመት አልፏል፤ ብዛታቸው ግን ጉድ ነው። በሌላ በኩል በ1913 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የታተመው «ሊበርቲ» የተባለው የአሜሪካ ባለ 5 ሴንት ሳንቲም በዓለም ላይ የሚታወቀው 5 ብቻ ነው። ከአምስቱ የአንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። ባለቤቱ በ1962 በመኪና አደጋ ሞቱ። ሳንቲሙ በባለሙያ ታየና «ፎርጅድ ነው» ተባለ። ቤተሰቡም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በ2003 ሌሎች ባለሙያዎች ከቀሩት አራቱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩት እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። በ2013 ጨረታ ላይ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። አርባ ዓመት ሙሉ ዋጋውን ቀብሮት የኖረው የአንድ ባለሙያ አስተያየት ነበር።

ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውም ዓመት ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ማርትሬዛ ብርን ውሰዱ። ሁሉም 1780 ይላል። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያ ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጭምር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት ይዞ ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ «የ1780 ብር አለኝ» ቢለኝ ገና ምንም አልነገረኝም። የት እንደታተመ ለመለየት የንግሥቲቱን የጌጥ ፈርጥና የንስሩን ላባ በአጉሊ መነጽር መቁጠር ሊያስፈልግ ይችላል።

ወደ ደረጃው ልግባ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ የወጣው በ1949 ነው። ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ለድሮ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ብሎ ያዘጋጀው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። 1 የተሰጠው ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣ፣ 70 የተሰጠው 70 ዶላር ያወጣል። ገበያው ይህን ስሌት ለመተው ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ቁጥሮቹ ግን ቀሩ። በነገራችን ላይ፣ ሼልደን ከሞተ በኋላ አንድ ጉድ ወጣበት። ከአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ ምርጥ ምርጡን እየወሰደ፣ በቦታው የራሱን ዝቅ ያሉ ሳንቲሞች ይተካ ነበር። ደረጃ ጠንቅቆ ማወቅ ለዚህም ይጠቅማል ማለት ነው።

ከ60 በታች ያሉት ደረጃዎች በሰው እጅ የተዘዋወሩ ሳንቲሞች ናቸው። ከ60 እስከ 70 ያሉት ደግሞ ያልተዘዋወሩ ናቸው። ዋናው ጣጣ ያለው እዚህኛው ሰፈር ነው። በአንዳንድ ሳንቲሞች ላይ በ64 እና በ65 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጥፍ ድርብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ግን ብዙ ሰው አይለያቸውም።

እንዴት እንደሚታይ በአንድ ሳንቲም ላሳያችሁ። ይህ በእጄ ያለው ሞርጋን የሚባለው የድሮ የአሜሪካ የብር ዶላር ነው። ክብደቱ 26.73 ግራም፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊ ሜትር። ጠርዙን ብቻ እንደያዝኩ ልብ በሉ፤ ፊቱን በጣት አይነኩም። መብራቱ አንድ አምፖል ቢሆን ይመረጣል። ሳንቲሙን ዘንበል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት ጸዳሉ ከመሃል ወደ ጠርዝ እንደ ጨረር ተዘርግቶ አብሮ ይዞራል። ይህ ማተሚያው ብረቱን ሲጫነው የፈጠረው እንጂ በእጅ የመጣ አይደለም። አሁን ሳንቲሙ ላይ ያለችውን ሴት እዩና ከጆሮዋ በላይ ያለውን ፀጉር ተመልከቱ። ጉንጯንም። ሳንቲሙን ገልብጡና የንስሩን ደረት እዩ። ጸዳሉ እነዚህ ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ከተቋረጠና ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ ሳንቲሙ ተዘዋውሯል። ሻጩ 63 ቢልም ቢበዛ 58 ነው። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። በኒው ኦርሊንስ የታተሙ ብዙ ሞርጋኖች ከመጀመሪያውም ጆሮው አካባቢ በደንብ አልተመቱም። ፀጉሩ ደብዛዛ ሆኖ ጸዳሉ ካልተቋረጠ፣ ችግሩ የማተሚያው ነው እንጂ የመዘዋወር አይደለም።

ቀጥሎ ጭረት ነው። እነዚህ ዶላሮች በ1000 በ1000 ከረጢት ውስጥ ተጭነው ዘመናቸውን የኖሩ ናቸው። እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። ጉንጯ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ጠባሳው ሁሉ እዚያ ይታያል። ፀጉሯ ውስጥ ያለች ጭረት ብዙ አትጎዳም። ያችው ጭረት ጉንጯ መሃል ላይ ብትሆን ግን ሳንቲሙን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ታወርደዋለች።

ሦስተኛው መታጠብ ነው። እባካችሁ፣ ሳንቲም አትጠቡ። አትወልውሉ። በሶዳ አትሹት። በጨርቅ የታሸ ሳንቲም በመብራት ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ያብረቀርቃል፤ ጸዳሉ ግን አይዞርም። እንዲህ ያለውን ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ ቁጥር ነፍገው «ዲቴይልስ» (ችግር አለበት እንደማለት) ብለው ይመልሱታል። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤ ወደ ነበረበት መመለሻም የለውም።

ስለ ድርጅቶቹ ካነሳሁ፣ ትልልቆቹ ሁለት ናቸው። ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ተቋቋሙ። ክፍያ ተቀብለው ሳንቲሙን ያያሉ፣ ደረጃ ይሰጣሉ፣ በታሸገ ፕላስቲክ አድርገው በቁጥር መዝግበው ይመልሳሉ። ጥሩ ሥራ ነው። እነሱ ባይኖሩ ሳይታይ በስልክ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ነገር ግን ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር የሰዎች ዳኝነት ነው። ያው ሳንቲም ተመልሶ ሲላክ ሌላ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ ፕላስቲኩን ሰብሮ ደግሞ ደጋግሞ የሚልከው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ሲኤሲ የሚባል ድርጅት መጣ። መጀመሪያ ሥራው በሌሎች ደረጃ የተሰጣቸውን ሳንቲሞች አይቶ፣ ለደረጃቸው ይመጥናሉ ባላቸው ላይ አረንጓዴ ምልክት መለጠፍ ነበር። አስተያየት ላይ አስተያየት ማለት ነው። ገበያውም ለምልክቱ ተጨማሪ ይከፍላል!

ፕላስቲኩ ራሱም ፎርጅድ ይሠራለታል። ስለዚህ ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ፎቶ ካለው ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ አጭበርባሪዎች እውነተኛ ቁጥር ይገለብጣሉ።

ፕላስቲክ ውስጥ ላልገባ ሳንቲም ሚዛን ያስፈልጋችኋል። ብር ማግኔት አይስበውም። ንጹህ ወርቅ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል። ችግሩ ተንግስተንም ወደዚያው የሚጠጋ መሆኑ ነው። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግን ኦሪጅናል ሳንቲም ላይ የሚሠራ ተንኮል ነው። በ1916 በዴንቨር የታተመው ባለ 10 ሴንት 264,000 ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ የታተመው ግን በሽ በሽ ነው። አጭበርባሪው የፊላደልፊያውን ይወስድና የዴንቨርን ምልክት «ዲ»ን ይለጥፍበታል። ክብደቱም ብሩም ልክ ነው። እሱን የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ነው። የዴንቨር ማተሚያ ለጀርባው የተጠቀመው አራት የማተሚያ ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ፊደሉ ሊያርፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

ስለ ነጋዴ አላበዛም። ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጡ ነውር አይደለም፤ እንጀራው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን «ይህንኑ ሳንቲም ነገ ባመጣልዎ በስንት ይወስዱልኛል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ ብዙ ነገር ይገባችኋል። የወረሳችሁት ስብስብ ካለ ደግሞ የሚገምትላችሁና የሚገዛው አንድ ሰው አይሁን።

ጨረታ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ሒሳቡ ብዙ ሰው ያሳስታል። መዶሻው በ1000 ዶላር ወረደ እንበል። የገዢው ኮሚሽን 20 በመቶ ከሆነ ከኪሳችሁ የሚወጣው 1200 ነው። ሻጩ 10 በመቶ ከተቆረጠበት የሚደርሰው 900 ነው። መሃል ላይ 300 ዶላር ቀረ። አሁን እናንተ ያንኑ ሳንቲም በዚያው ቤት መልሳችሁ ለመሸጥ ፈለጋችሁ። 1200ዋን ሳትከስሩ ለማግኘት መዶሻው 1334 አካባቢ መውረድ አለበት። ያኔ አዲሱ ገዢ 1600 ይከፍላል ማለት ነው። «ገዝቼ በስድስት ወር አተርፋለሁ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አሠራዋለሁ።

ስለዚህ ኮሚሽኑን የቀነሳችሁበትን የመጨረሻ ዋጋችሁን ቀድማችሁ ጻፉ። አዳራሹ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር እልህ ከተያያዛችሁ ያሸነፋችሁት እናንተ፣ ያተረፈው ሻጩ ነው። ከተቻለ ሳንቲሙን በአካል እዩት፤ ጥሩ ፎቶ አንሺ ጭረት መደበቅ ያውቅበታል። የመመለሻ ደንቡንም አንብቡ። ብዙ የጨረታ ቤቶች ደረጃ ወጥቶለት የታሸገ ሳንቲም «ደረጃው አልጣመኝም» ተብሎ ሲመለስ አይቀበሉም።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። እሱም የሳንቲሙ አመጣጥ ነው። የቄሳርን መገደል የሚዘክር የብሩተስ የወርቅ ሳንቲም በ2020 ለንደን ውስጥ በ4.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጦ ነበር። የአመጣጥ ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑ ተደረሰበትና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። በ1933 የታተመው ባለ 20 ዶላር የአሜሪካ ወርቅም እንዲሁ ነው። 445,500 ታትሞ ሁሉም ለማለት ይቻላል ቀልጧል። በግለሰብ እጅ እንዲያዝ በሕግ የተፈቀደው አንዱ በ2021 በሶዘቢስ ጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። የዚያኑ ዓይነት 10 ሳንቲሞች ይዞ ብቅ ያለ ቤተሰብ ግን ፍርድ ቤት ተረትቶ ሳንቲሞቹ የመንግሥት ሆነው ቀሩ። ሳንቲሙ ያው ነው፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ደረሰኝ፣ የድሮ የጨረታ ካታሎግ፣ የቀድሞ ባለቤት ፖስታ ሳይቀር አትጣሉ።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ስድስት የታሸጉ ሳንቲሞች አሉ። ደረጃቸውን በወረቀት ሸፍኜዋለሁ። መብራትና አጉሊ መነጽር ተዘጋጅቷል። እያንዳንዳችሁ ተራ በተራ እዩና የምትሰጡትን ቁጥር ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም። ከጎረቤት መኮረጅ ክልክል ነው። ሁላችሁም ስትጨርሱ ወረቀቱን እናነሳለን። ከድርጅቱ ጋር ያልተስማማችሁበት ካለ፣ ለምን እንዳልተስማማችሁ ሳንቲሙን ይዛችሁ ትነግሩናላችሁ። የፊተኛው ረድፍ ይጀምር።