ሁለት ጣት

ሰላም፣ ሰላም። ድምፅ አለ? አለ። ወንበሩ ዛሬም ይንጫጫል። ዘይት ቀባው ያላችሁኝ ሰዎች፣ ቀብቼዋለሁ። ባሰበት።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የምናወራው፣ ባለፈው ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ፣ አልቻልኩም። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ አራተኛ ቀኔ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የርዝመት ዝላይ ነው። አትሳቁ። ማለቴ ሳቁ፣ ግን ስሙኝ።

እሁድ ያንን ሰውዬ ካገኘሁት በኋላ ነው ነገሩ የጀመረኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነሳሁና ስልኬን ከፈትኩ። ቶኪዮ፣ እ.ኤ.አ. 1991፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ የወንዶች ርዝመት ዝላይ ፍጻሜ። በእኛ ነሐሴ 24 ቀን 1983 መሆኑ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና ሦስት ወሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ለት ስለ አሸዋ ጉድጓድ የሚጨነቅ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ካርል ሉዊስን ታውቁታላችሁ። 10 ዓመት ሙሉ፣ 65 ውድድር በተከታታይ፣ በርዝመት ዝላይ የነካው የለም። ከአምስት ቀን በፊት እዚያው ስታዲየም 100 ሜትርን በ9.86 ሮጦ የዓለም ሪከርድ ሰብሯል። ማይክ ፓውል ደግሞ ከሱ ጋር 15 ጊዜ ገጥሞ 15 ጊዜ ተሸንፏል። አስቡት እስቲ። እኔ በአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ብሸነፍ ሰፈር እቀይራለሁ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፓውል አምስተኛ ዝላይ ነው። 8 ሜትር ከ95። ሪከርዱ እስከ ዛሬ አልተሰበረም። እኔ የምመላልሰው ግን አራተኛውን ነው።

ይሮጣል። ይነሳል። አየር ላይ ቆየ ሲባል ይቆያል፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ርቆ ያርፋል። ማንም ሲያየው ያስታውቃል፣ ትልቅ ነው። ግን ፋውል ተባለ። አሁን ይሄን እዩልኝ። ያኔ መነሻው ጣውላ ጫፍ ላይ ፕላስቲሲን ይደረግ ነበር፣ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። የጫማህ ጫፍ ካለፈ ምልክቱ እዚያ ይቀር ነበር። ክርክር የለም። ፓውል ተመልሶ መጣና ጣውላው አጠገብ ተንበረከከ። ፊቱን ወደ መሬት አስጠጋ። ያችን ምልክት ፍለጋ ነው። የእውነት አለች ወይስ የለችም?

እዚያ ጋ አቆምኩት ቪዲዮውን። ሰውዬው ተንበርክኮ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ። ባለቤቴ «ደግሞ ምን ሆንክ?» አለችኝ። «ምንም፣ ፋውል ነው» አልኳት። ተገልብጣ ተኛች።

በዚያው ዙር ሉዊስ 8 ሜትር ከ91 ዘለለ። የቦብ ቢመንን የዓለም ሪከርድ፣ 8.90ን፣ አለፈ ማለት ነው። ግን ንፋሱ በሰከንድ 2.9 ሜትር ነበር፣ ለሪከርድ የሚፈቀደው 2.0 ብቻ ነው። ለውድድሩ ይቆጠራል፣ ለሪከርድ አይቆጠርም። እንዲህ ዓይነት ነገር የምወደው እኔ ብቻ ነኝ? እሱ አንደኛ ሆኖ ይመራል፣ በምድር ላይ ከዚያ በላይ የዘለለ ሰው የለም፣ ወረቀቱ ላይ ግን እንዳልዘለለ ነው።

ስለ ቢመን ካነሳሁ አይቀር። ሜክሲኮ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1961። እ.ኤ.አ. 1968 ማለቴ ነው፣ ውጭ ያላችሁ እንዳትጽፉልኝ። የቀድሞው ሪከርድ 8.35 ነበር። ሰውዬው 55 ሴንቲ ጨመረበት፣ በአንድ ዝላይ! መለኪያ መሣሪያው ራሱ እዚያ ድረስ አልደረሰም፣ በእጅ ሜትር ነው የለኩት። እና ከሁለት ቀን በኋላ፣ እዚያው ሜክሲኮ፣ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። አበበ በመሃል አቋርጦ። እኛ ስለ ማሞ እናውቃለን፣ ሌላው ዓለም ስለ ቢመን ያወራል። አንድ ሳምንት፣ አንድ ከተማ። የቶኪዮው ስታዲየምም አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 ማራቶን ጨርሶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የነበረበት ነው። ሰውዬው 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ስፖርት ይሠራል! አሁን ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። እዚያው ቦታ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ነበር፣ በእነሱ 2025። ጣሊያናዊው ማቲያ ፉርላኒ በ8 ሜትር ከ39 ወርቅ ወሰደ። በዚያች በ1991 ቀን ቢሆን በዚህ አራተኛ ነበር የሚወጣው። ሦስተኛው ላሪ ማይሪክስ 8.42 ነበር የዘለለው።

ምን ልል ነበር? አዎ። ኖራው።

እሺ። «ሻምፕ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ስምንተኛ ክፍል፣ የትምህርት ቤት ስፖርት ቀን፣ ርዝመት ዝላይ፣ አንደኛ። ስንት ጊዜ ነው የነገርኳችሁ? አንድ ሙሉ ክፍል ሠርቼበታለሁ። ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ተጠቅሜበታለሁ።

እኛ ፕላስቲሲን አልነበረንም። መሬቱ ላይ በኖራ የተሰመረ መስመር ነበር፣ በቃ። ስፖርት አስተማሪያችን የሚለኩት በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጣታቸውን መሬት ላይ እያስቀመጡ፣ እንደገና እየቀጠሉ። አጅሬ፣ ስሙን አልጠራም፣ የመጨረሻ ዝላዩን ሲዘል ሜዳው ጮኸ። እንደዚያ ዘሎ አያውቅም። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ሮጥኩ፣ ዘለልኩ፣ አረፍኩ። አስተማሪው ለኩና «በሁለት ጣት» አሉ። ሁለት ጣት አሸነፍኩት። ልጆች ተሸከሙኝ።

እነሱ ተሸክመውኝ ሳለ ወደ ታች አየሁ። የቀኝ ሸራ ጫማዬ ጫፍ ላይ ኖራ አለ። ነጭ። ይሄን የሚያህል። ሲያወርዱኝ ጫማዬን በግራ እግሬ ሱሪ ጠረግኩት።

ይኸው ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቆይ ግን። ኖራ እኮ ቀድሞ ሊነካኝ ይችላል። ሜዳው በሙሉ ኖራ ነበር፣ የሩጫው መስመርም፣ የኳሱም። ደግሞ በዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር ሁለት ጣት ማለት ምን ማለት ነው? አስተማሪው ጣታቸውን አንድ ጊዜ ትንሽ ቢያንሸራትቱ አለቀ። እና ደግሞ የልጅ ትዝታ ነው፣ ራሴው ፈጥሬው ይሆናል። ይሄን ሁሉ ለራሴ ብያለሁ። ግን ካልነካሁት ለምን ጠረግኩት?

ወደ ቶኪዮ ልመለስ። አምስተኛው ላይ ፓውል 8.95 ዘለለ። ንፋሱ 0.3፣ ንጹሕ። የቢመን ሪከርድ 23 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ወደቀ። ሉዊስ ሁለት ዝላይ ቀርቶታል። አንዱን 8.87 ዘለለ፣ በተቃራኒ ንፋስ። በሕይወቱ ከዘለላቸው ሕጋዊ ዝላዮች ሁሉ ትልቁ እሱ ሆኖ ቀረ። ሌላውን 8.84። ተሸነፈ። በ4 ሴንቲ። 4 ሴንቲ ማለት፣ እጃችሁን እዩ፣ ሁለት ጣት ነው።

የሰው ልጅ የዕድሜውን ምርጥ ቀን ኖሮ ሁለተኛ ይወጣል? እሺ፣ ሉዊስን አልዘንለትም፣ በዓመቱ ባርሴሎና ላይ ፓውልን በ3 ሴንቲ አሸንፎ የኦሊምፒክ ወርቁን ወስዷል። ፓውል የኦሊምፒክ ወርቅ የሚባል ነገር ሳያገኝ ነው ያቆመው። ስለዚህ ሒሳቡ... አይ፣ ሒሳብ የለውም። ተዉት።

ግን ሉዊስ የተሸነፈው በንጹሕ ዝላይ ነው። አያችሁ? ፓውል አራተኛው ላይ ተንበርክኮ ፈለገ፣ ፋውል ነው ተባለ፣ ተነስቶ ሄደና እንደገና ዘለለ። እኔ ጠረግኩት።

እሁድ የአጅሬ አባት ልቅሶ ላይ ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ በእጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከ20 ምናምን ዓመት በኋላ ነው ያየሁት። ፂሙ ሸብቷል። አቀፈኝ፣ አለቀስን። ከዚያ ልጁን ጠራው፣ አስር ዓመት ቢሆነው ነው። «ይሄ ነው እኮ ርዝመት ዝላይ ያሸነፈኝ» አለው። ልጁ ሆዴን አየ። ፊቴን አየ። እንደገና ሆዴን አየ። አባትየው ሳቀ፣ በዚያ ሁሉ ኀዘን መሃል። «እንደዚያ ቀን ዘልዬ አላውቅም፣ ይሄ ሰውዬ ግን በለጠኝ» አለ። በኩራት እኮ ነው የሚያወራው! እንደ ቁም ነገር። እኔ ንፍሮዬን ወደ አፌ አደረግኩ።

ስልኩን ሰጥቶኛል። እዚህ አለ፣ እያየሁት ነው። ደውዬ ምን ልበለው? «ሄሎ፣ እንዴት ናችሁ፣ ያኔ ጫማዬ ላይ ኖራ ነበር»? የአባቱ አርባ እንኳ ሳይወጣ? ደግሞ ለልጁ የነገረውን ታሪክ ላፈርስበት ነው? ወይስ የራሴን ነው የምፈራው፣ እሱን ሰበብ አድርጌ። ባለቤቴ ገና አልሰማችም ይሄን፣ አሁን ከእናንተ ጋር ነው የምትሰማው። ሰላም ነው?

ምናልባት ከአርባው በኋላ። ወይ ደግሞ... አንዳንዴ ሳስበው ኖራው የግራ ጫማዬ ላይ ነበር መሰለኝ። እኔ ደግሞ የምነሳው በቀኝ ነው። በቀኝ ነው አይደል የምነሳው? ቆዩ፣ ልቁምና ልሞክረው። ይሄ ወንበር ደግሞ...