የስኮትስ ግጥም የሚያሳትም ትንሽ ቤት ልንከፍት ነው

ደህና አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከግላስጎውም ከአበርዲንም የመጣችሁ አላችሁ፤ እግዜር ያክብርልኝ። ብዙ አላቆያችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ስኮትላንዳውያን ጓደኞቼ እዚሁ ኤድንብራ ውስጥ በስኮትስ ቋንቋ የተጻፉ ግጥሞችን ብቻ የሚያሳትም ትንሽ አሳታሚ ልናቋቁም ነው። ፊታችሁን ሳየው ጥያቄያችሁ ገብቶኛል። "ምነው፣ የአማርኛ ግጥም አለቀ እንዴ?" አላለቀም። እንጀራዬ ገጽ ማቀናበር ነው፣ የአንዳንዶቻችሁን መድብል ሌይአውት የሠራሁትም እኔ ነኝ፣ ወደፊትም እሠራለሁ። ግን የምኖረው ስኮትላንድ ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የምትመጣው ቋንቋ፣ ከላይኛው ፎቅ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ የሚያወሩኝ ቋንቋ ይኸው ነው። ጓደኞቼ ግጥሙን ያውቃሉ፣ ገጽ ማቀናበር ግን አይሆንላቸውም። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ። ሽርክናው በዚህ ተጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስኮትስ ማለት ስኮትላንዳዊ ሲናገረው ለየት የሚል እንግሊዝኛ ማለት አይደለም። ጌሊክም አይደለም፤ ጌሊክ ኬልቲክ ነው፣ ዘመዱ አየርላንድኛ ነው። ስኮትስና እንግሊዝኛ ግን ሁለቱም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወጡ፣ ኋላ ድንበር ለይቷቸው በየፊናቸው ያደጉ ናቸው። በዚህ የማይስማማ ሞልቷል። "ቋንቋ አይደለም፣ የሰፈር ወሬ ነው" የሚላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ስኮትላንዳዊው ነው፣ ያውም በስኮትስ እያወራ! በፈረንጆቹ 2011 የሕዝብ ቆጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስኮትስ ሲጠይቅ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው "እናገራለሁ" አለ፣ ጠቅላላ ሕዝቡ 5.3 ሚሊዮን ገደማ በነበረበት አገር። በ2025 ደግሞ የስኮትላንድ ፓርላማ ለጌሊክና ለስኮትስ ይፋዊ እውቅና የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ።

ስለዚህ እኛ ቋንቋ ልናድን አልተነሳንም። ይሄ "ማዳን" የሚሉት ነገር፣ እውነቴን ነው፣ ያናድደኛል። ሚሊዮን ተኩል ሰው የሚያወራው ቋንቋ አልጋ ላይ አልዋለም። ሊሞት ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ደካማውንም ግጥም በሐዘኔታ ታሳትማላችሁ፣ ሰዉም በሐዘኔታ ይገዛላችኋል፣ ከዚያ ወስዶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። አያነበውም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ግጥሙን እንደማንኛውም ግጥም ቆጥሮ፣ የማይረባውን መልሶ፣ የሚረባውን አርሞና አሳምሮ የሚያወጣ ሰው በበቂ ሁኔታ የለም።

እዚህ አገር ማተሚያ እንዴት እንደገባ ላውጋችሁ። በ1507 ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ለሁለት የኤድንብራ ሰዎች ፈቃድ ሰጠ፤ ለነጋዴው ዋልተር ቼፕማንና ለመጽሐፍ ሻጩ አንድሩ ማይላር። ፈቃዱ የሚያወራው ስለ ሕግ፣ ስለ ታሪክና ስለ ቅዳሴ መጻሕፍት ነው። ማተሚያውን ካውጌት ላይ ተከሉት፤ ዛሬ ቅዳሜ ማታ ሞቅ ያለው ወጣት የሚርመሰመስበት መንገድ። ከሥራቸው ቀን ተጽፎበት እስከ ዛሬ የቆየው የመጀመሪያው ነገር ግን ሕግም ቅዳሴም አይደለም። ኤፕሪል 4 ቀን 1508 የሚል ቀን ያለበት ቀጭን የግጥም መድብል ነው። እሱ የእንግሊዛዊ ገጣሚ ሥራ ነው፣ አብረውት ከተረፉት መሃል ግን የዊሊያም ዳንባርና የሮበርት ሄንሪሰን የስኮትስ ግጥሞች አሉ። አሁን ያሉት እዚሁ ከተማ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሮም ላይ የታተመው በ1513 ነው። በማተሚያ ዕድሜ እኩዮች ነን ማለት ነው።

አንዲት የሙያ ነገር ልጨምር፣ እኔ በጣም ስለምወዳት። የጥንቶቹ አታሚዎች የብረት ፊደል የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነበር። ስኮትላንዳውያን በእጅ ሲጽፉ "ዮክ" የምትባል፣ 3 ቁጥርን የምትመስል ፊደል ነበረቻቸው። በመጣው ፊደል ውስጥ እሷ የለችም። ፊደል ለቃሚዎቹ ምን ያድርጉ? በመልክ የምትቀርባትን "ዜድ"ን ተክተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ይኸው እስከ ዛሬ "ሜንዚስ" ተብሎ የሚጻፈውን ስም የአገሬው ሰው "ሚንጊስ" ብሎ ነው የሚጠራው። ፖለቲከኛው ሜንዚስ ካምቤል "ሚንግ" ይባሉ የነበረውም በዚሁ ነው። የአማርኛ ታይፕራይተር ፊደሉን መትቶ ቅጥያውን ለብቻ ሲለጥፍበት ያያችሁ ትልልቆች ይሄን ለመረዳት አትቸገሩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። በ1560 የፕሮቴስታንት ተሐድሶው ሲመጣ ሕዝቡ እጅ የገባው መጽሐፍ ቅዱስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። በ1603 ንጉሡ የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ለንደን ገባ። በ1707 ፓርላማውም ተከተለው። ስኮትስ ከቢሮ ወጣ፣ ከግጥም ግን አልወጣም።

አሁን ወደ በርንስ። ጃንዋሪ 25 በመጣ ቁጥር በስሙ ሐጊስ፣ ያንን ከበግ ሆድ ዕቃ የሚሠራ ምግብ፣ የሚያበሉን፣ እሱ ገጣሚው ሮበርት በርንስ። ስለ ግጥሙ ሌላ ሰው ያውራ፤ እኔ የማወራው ስለ መጽሐፉ ንግድ ነው። በ1786 በርንስ የማይታወቅ ገበሬ ነበር። ኪልማርኖክ የሚባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ጆን ዊልሰን ወደሚባል አታሚ ሄደ። ገንዘብ ግን የለም። ስለዚህ አስቀድመው "መጽሐፉ ሲወጣ እገዛለሁ" የሚሉ ሰዎችን ስም በወረቀት አሰባሰቡ። ስሙ ሲበቃ ታተመ፤ 612 ኮፒ፣ ዋጋው 3 ሽልንግ። በአንድ ወር አካባቢ አለቀ። ያኔ በርንስ ወደ ጀማይካ ሊሄድ ነበር፣ ባሪያ በሚሠራበት የሸንኮራ እርሻ ላይ ሒሳብ ያዥ ሆኖ። ይቺን እኔ ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጽሐፉ መሸጥ ነው ያስቀረው። ሎንዶን የለም፣ ትልቅ አሳታሚ የለም፣ የገጠር ከተማ ማተሚያና የስም ዝርዝር ብቻ።

ከዚያም ወዲህ ይሄ ግጥም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የወጣው ከትንንሽ እጅ ነው። ገጣሚው ኢያን ሃሚልተን ፊንሌይ በ1961 ዋይልድ ሆውቶርን ፕሬስን አቋቁሞ በግላስጎው አነጋገር የተጻፈ ትንሽ የግጥም መጽሐፍ አወጣ፣ የተቆረጠ ወረቀት በሚመስሉ ሥዕሎች ታጅቦ። ደንከን ግሌን አክሮስ የሚባለውን መጽሔት በ1965 ጀመረ፣ መጽሐፍም አሳተመ፣ ያውም ብዙውን ዓመት እንግሊዝ አገር ተቀምጦ። ደራሲው ጄምስ ሮበርትሰን በ1999 ኬቲሎኒያ የሚባል የቀጫጭን መድብል ቤት ከፈተ። ቀጫጭን መድብል ለሚያሳትሙ ሰዎች ተብሎ ሽልማትም ተቋቁሟል፤ በካለም ማክዶናልድ ስም ነው የተሰየመው። ካለም ከሊዊስ ደሴት አካባቢ የመጣ ጌሊክ ተናጋሪ አታሚ ነበር፣ ኤድንብራ ውስጥ ስንቱን ገጣሚ አትሟል። የአንዱ ቋንቋ ሰው የሌላውን ግጥም ማሳተሙ እኔ ያመጣሁት ነገር አይደለም ለማለት ነው።

የእኛ መድብል ምን ይመስላል? 36 ገጽ። መሃሉ ላይ ሁለት ስቴፕል የተመታ። እንዲህ የሚሰፋ ነገር ገጹ በአራት ካልተካፈለ አይሆንም፣ ስለዚህ ገጣሚው አንድ ግጥም ልጨምር ቢለኝ እምቢ የምለው ክፋት ሆኖ አይደለም። ግጥሙን በእንግሊዝኛ ተርጉመን አናወጣም። በዚህ ላይ በደንብ ተጨቃጭቀናል። በ2022 ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የአርተር ሲ. ክላርክ ሽልማት ያሸነፈው የሃሪ ጆሴፊን ጃይልስ ሥራ በኦርክኒ ስኮትስ የተጻፈ የግጥም ልብ ወለድ ነው፣ ከገጹ ግርጌ እንግሊዝኛው ተቀምጦለታል፣ እዚያ ላይ በጣም ያምራል። ግን ያ ትርጉሙ ራሱ የተለፋበት ነው። እኛ የምናስገባው ከግርጌ አስቸጋሪ ቃላትን በትንሽ ፊደል ብቻ ነው። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ መግለጥ ግጥሙን ይገድለዋል።

ከባዱ ሥራ አርትዖቱ ነው። ስኮትስ ሁሉም የተስማማበት አንድ አጻጻፍ የለውም። ግላስጎው "ዊት" የሚለውን አበርዲን "ፊት" ይላል፣ ሁለቱም "ምን" ማለታቸው ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለፈው ከአበርዲን አካባቢ ያለችው ጓደኛዬ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ አንድ ረቂቅ ይዛ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠች። ገጹ በአፖስትሮፍ ተወርሯል። ገጣሚው የእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል "የጎደለች" በመሰለችው ቁጥር አንዲት ጭረት ጣል አድርጓል። "የይቅርታ አፖስትሮፍ" ነው የሚሏት፤ እንግሊዝኛን በትክክል ባለመጻፌ አጥፍቻለሁ እንደማለት። በ1947 ኤድንብራ ውስጥ የተሰበሰቡ ገጣሚዎች ያወጡት የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ ይህቺ ትቅር ብሏል። ጓደኛዬ እስክሪብቶዋን አንስታ አንድ በአንድ ስትሰርዝ ገጹ እንዴት እንደተነፈሰ ብታዩት! ሙያዬ ስለሆነ ይሆናል፣ እኔ ግጥሙ ሳይገባኝ እንኳ ገጹን ወደድኩት። የቤታችን ሕግ ይኸው ነው፤ ገጣሚው የአካባቢውን አጻጻፍ ይጻፍ፣ ከገጽ 1 እስከ ገጽ 36 ግን አይለዋውጥ።

እኔ ጽሑፉ ውስጥ እጄን አላስገባም። በ2020 የስኮትስ ዊኪፔዲያ ጉድ ሲወጣ ሰምታችሁ ይሆናል። ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ልጅ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየቀያየረ ሺህ በሺህ ጽሑፍ ጽፎበት ተገኘ። ለዓመታት ልብ ያለ የለም። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ክፋት አልነበረውም። የሚያርም ሰው አልነበረም፣ ጣጣው እሱ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው መድብል 200 ኮፒ፣ አንዱ 8 ፓውንድ። መጻሕፍት መደብር ከዋጋው ሲሶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይወስዳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ግጥም በሚነበብባቸው ምሽቶች በእጃችን እንሸጣለን። የታተመ መጽሐፍ ላይ ቫት ዜሮ ነው፣ ተመስገን። ውፍረቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ስለማያልፍ ፖስታ ቤት እንደ ጥቅል ሳይሆን እንደ ትልቅ ደብዳቤ ይቀበለዋል፣ ይህቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም። በወጣ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ኮፒ ለብሪቲሽ ላይብረሪ በሕግ መላክ አለብን። የስኮትላንድ መንግሥት በስኮቲሽ ቡክ ትረስት በኩል ለስኮትስ መጻሕፍት የሚሰጠው ድጎማ አለ፣ እናመለክታለን፣ ግን ድጎማ ካልመጣ የማይወጣ መጽሐፍ አናቅድም። ገጣሚው 20 ኮፒ በነፃ ይወስዳል፣ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ትርፉን እኩል እንካፈላለን።

"ትልልቆቹ አሳታሚዎች አሉ አይደል?" ትሉኛላችሁ። አሉ። በኢንተርኔት በየቀኑ አንድ የስኮትስ ቃል እያስተማረች የታወቀችው ሌን ፔኒ በ2024 መጽሐፏን ያወጣችው በታዋቂ አሳታሚ ነው፣ ደስም ይላል። እነሱ ግን የሚመጡት ሰዉ አስቀድሞ ስም ሲኖረው ነው። እኛ የምንፈልገው ገና ማንም ያላወቀውን ነው፤ ግጥሙን ስልኩ ላይ ደብቆ የያዘውን አውቶቡስ ሾፌር።

ከእናንተ የምፈልገውን ልንገራችሁና ልውረድ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። ስማችሁንና ኢሜይላችሁን ጻፉ፤ ዛሬ ገንዘብ አንቀበልም፣ 100 ስም ሲሞላ ነው ማተሚያ ቤቱን የምናናግረው። ልጆቻችሁ እዚህ ያደጉ ከሆነ እነሱንም አስመዝግቡ፣ ከናንተ ይልቅ ለነሱ ይቀላቸዋል። በስኮትስ የሚጽፍ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ሦስት ግጥም ይላክልን። ጓደኞቼ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አማርኛ አይችሉም፣ እስካሁን ምን እንዳልኩባቸው አያውቁም፣ ሄዳችሁ አናግሯቸው።