ክንፍ የማታበቅል ንግሥት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የጉንዳን ንግሥት ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ክንፋሟን ነው። ከጎጆዋ በርራ ትወጣለች፤ ከተዳቀለች በኋላ ክንፏን ጥላ ብቻዋን ጉድጓድ ትቆፍራለች። ከእንግዲህ የማያስፈልጋት የበረራ ጡንቻ በሰውነቷ ውስጥ ሟሙቶ የመጀመሪያ ልጆቿ ቀለብ ይሆናል። ድንቅ ነው፤ የሁሉም ጉንዳን ወግ ግን አይደለም።

ምስጥ አዳኙን የአፍሪካ ጉንዳን፣ ሜጋፖኔራን፣ እንውሰድ። ንግሥቲቱ ከትልልቆቹ ሠራተኞች መሐል ብትቆም ለይቶ ማውጣት ያታክታል፤ ሆዷ ጠና ይላል እንጂ ክንፍም፣ የክንፍ ጠባሳም የላትም።

ነገሩ የሚገለጠው ደረትን በማጉያ ሲያዩት ነው። የክንፋም ንግሥት ደረት መሐሉ አብጧል፤ የበረራ ጡንቻ የሞላው እዚያ ነውና የፊተኛው ክፍል ጠቧል። የሠራተኛ ግን ፊተኛው ሰፊ ነው፤ ሸክም የሚያነሣው የአንገት ጡንቻ ከዚያ ይነሣል። የክንፍ አልባዋ ንግሥት ደረት የሠራተኛ ደረት ነው ማለት ይቻላል። ሆዷ ውስጥ ግን እንቁላል የሚያፈራው አካልና የወንድ ዘር የሚጠራቀምበት ከረጢት የንግሥት ናቸው።

ይህን ጉድለት የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ክንፋሞቹ በብዛት ይላካሉ፤ የሚበዙት የወፍና የሸረሪት ሲሳይ ሆነው ይቀራሉ። ክንፍ አልባዋን ማሳደግ ብዙ አያስወጣም፤ ስትወጣም እንደ ሙሽራ ከነአጃቢዎቿ ነው። ጎጆው ለሁለት ይከፈላል፤ ሠራተኞቹ ያድኑላታል፣ ይጠብቋታል። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል፦ ነባሩ ጎጆ የሠራተኞቹን ድርሻ ያጣል፣ አዲሱም በእግር ከሚደረስበት አያልፍም። ወንዶቹ ግን ክንፋቸውን አልተዉም፤ ሙሽራ ፍለጋ የሚበሩት እነሱ ናቸው።

ዶሪለስ የሚባሉት ዘማች ጉንዳኖች ንግሥትም ክንፍ የላትም፤ ግዙፍ በመሆኗ ግን ከሠራተኛ ጋር የሚያምታታት የለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ በእስያና በአውስትራሊያ የሚኖረው ዲያካማ ነው። ንግሥት የሚባል መደብ ጨርሶ የለውም። እያንዳንዷ ሠራተኛ ስትወለድ በክንፍ ቦታ ሁለት ትንንሽ እምቡጦች ይዛ ትወጣለች። የበላይዋ የሌሎቹን እምቡጥ ነክሳ ትቆርጣለች፤ የተቆረጠባት ከወንድ ሳትገናኝ ዕድሜዋን በሥራ ትገፋለች፣ እምቡጧ የተረፈላት ደግሞ ተዳቅላ እንቁላል ትጥላለች።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ።