ከሃይበርኔት ሲነሳ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ

ሰላም ናችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ከሃይበርኔት ለመነሳት ደቂቃ የሚፈጅ ላፕቶፕ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ጥገና ሱቅ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኔ አልስማማም። ፎርማት የሚፈታው ችግር አለ፤ ይሄኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወገን አይደለም።

ላፕቶፑ ስሊፕ ሲያደርግ ሥራችሁ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ ይቆያል፤ ባትሪው በጥቂቱ እየመገበ ያቆየዋል። ስለዚህ በሁለት ሦስት ሰከንድ ይነሳል። ሃይበርኔት ሲያደርግ ግን ራም ላይ ያለውን ጨምቆ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ሃይበርፊል ዶት ሲስ በሚባል ድብቅ ፋይል ውስጥ ይጽፍና ጭራሽ ይጠፋል። ሲነሳ ያን ሁሉ መልሶ ያነባል። «አንዳንዴ ቶሎ ይነሳል፣ አንዳንዴ ያንቀላፋል» ለምትሉም መልሱ እዚህ ነው፤ ብዙ ላፕቶፖች ስሊፕ ላይ ሰዓታት ሲያልፉ ራሳቸው ወደ ሃይበርኔት ይሻገራሉ።

እንግዲህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የሚዘገየው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ላስት ባዮስ ታይም የሚለውን ቁጥር እዩ (ባዮስ ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ነው)። ከ20 ሰከንድ በላይ ከሆነ ጊዜውን የሚበላው ዊንዶውስ ሳይጀምር ነው። ባዮስ ውስጥ ግቡና የቡት ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ከየትኛው እንደሚጀምር የሚወስነውን ዝርዝር፣ ተመልከቱ፤ ኔትወርክ ወይም ዩኤስቢ ከዲስኩ ቀድሞ ከተቀመጠ ማሽኑ መጀመሪያ እነሱን ሲፈልግ ይቆያል። የተሰካ ፍላሽና ኤክስተርናል ዲስክም ነቅላችሁ ሞክሩ።

ባዮሱ ፈጣን ከሆነ ወደ ዲስኩ እንሂድ። እዚህ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። ፋይሉ ተጨምቆ 2 ጊጋባይት ነው እንበል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቢበዛ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ 20 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ሳታ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ 500 ገደማ ስለሚያነብ በ4 ሰከንድ ይጨርሳል። ይሄ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ሃይበርኔት ሲደረግ ዊንዶውስ ብዙ ነገር ከራም አራግፎ ስለሚተኛ፣ ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ ብሮውዘሩም ሌላውም የራሱን ቁርጥራጭ ከዲስኩ እየለቀመ ይመልሳል። እንዲህ የተበታተነ ንባብ ላይ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ገደማ ላይ ይወርዳል። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ሆኖ ለደቂቃዎች የሚቀረው ለዚህ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ውስጡ ሃርድ ዲስክ ካለ፣ ፎርማቱን ተዉትና ገንዘቡን ኤስኤስዲ ላይ አውሉት።

ድሮ ፈጥኖ ይነሳ የነበረ ሃርድ ዲስክ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከባሰበት ግን ጥርጣሬው ሌላ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚለውን መስመር እዩ፤ ለማንበብ ያስቸገሩ የዲስኩን ክፍሎች ይቆጥራል። ዜሮ ካልሆነ መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቼክ ዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመርመሪያ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ሊገድለው ይችላል።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ የሃይበርኔት ፋይሉን እንደ አዲስ አሠሩት። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ኦፍ ብላችሁ ጻፉ። ፋይሉ ይጠፋል። ሪስታርት አድርጉና ያንኑ ትእዛዝ በኦን ድገሙት። ሲ ድራይቭ ሊሞላ የደረሰ ከሆነ በመሃል ቦታ አስለቅቁ፤ ፋይሉ በተለመደው መጠኑ የራሙን 40 ፐርሰንት ይይዛል፣ 16 ጊጋ ራም ካላችሁ 6 ጊጋ ተኩል ገደማ። ቀጥሎ የስክሪን ካርድና የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ) ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ከነሱ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም፣ ነው፤ እነሱን በሞዴሉ ስም ከአምራቹ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሁሉን ድራይቨር እናድሳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን እኔ አላምናቸውም።

መብራት ሲጠፋ በሃይበርኔት የምትተማመኑ አንድ ነገር ጨምሩ። ዊንዶውስ ባትሪው 5 ፐርሰንት ገደማ ሲደርስ ሃይበርኔት ያደርጋል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ከ12 ፐርሰንት በአንድ ጊዜ ወደ ባዶ ይወርዳል። ፋይሉ ተጽፎ ሳያልቅ ማሽኑ ይጠፋና ሲበራ ከዜሮ ይጀምራል፣ ያልተቀመጠ ሥራችሁም አብሮ ይሄዳል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክሪቲካል ባተሪ ሌቭል የሚለውን 15 ወይም 20 አድርጉት።

ዲስክ ወይም ራም ልትቀይሩ ስትሉ ደግሞ ማሽኑ ሃይበርኔት ላይ እያለ እንዳትከፍቱት። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ ከበራ ሻትዳውን ራሱ ግማሽ ሃይበርኔት ነው። ሺፍትን ተጭናችሁ ሻትዳውን በሉት፤ ያኔ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቅቁ፣ ብሎኑን ፍቱ።