የዪሺንግን የሸክላ ብራድ በውሃ መፈተን

(ምስል፦ መዳፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቡናማ የሸክላ ብራድ)

ይህች የሻይ ብራድ የምትይዘው 120 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ነው። የተሠራችው በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በዪሺንግ ነው፤ የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1368–1644) ጀምሮ «ዚሻ»፣ ማለትም ሐምራዊ አሸዋ፣ ከሚሉት አፈር የሻይ ዕቃ ሲሠሩ ኖረዋል።

ገዢ እንዲህ ያለውን ብራድ ሲያነሣ ብዙውን ጊዜ ገልብጦ ከሥሩ የታተመውን የሠሪውን ማኅተም ይፈልጋል። እኔ ማኅተሙ በመጨረሻ እንዲታይ እመክራለሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እጅግ ስመ ጥር ከሆኑት የዪሺንግ ሸክላ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ጉ ጂንግዦው ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ የጥንት ጌቶችን ብራዶች አስመስሎ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በተራው የእርሱ ማኅተም ተመስሎ ይሠራል።

(ምስል፦ ጭቃ በእንጨት መዶሻ ሲጠፈጠፍ)

በባህላዊው አሠራር ክብ ብራድ በመንኮራኩር አይሠራም። ሠሪው ጭቃውን በእንጨት መዶሻ ጠፍጥፎ ካሳሳ በኋላ ጠቅልሎ እንደ ጣሳ ያቆመዋል፤ ከዚያም በአንድ እጁ ከውስጥ እየደገፈ፣ በሌላው በጠፍጣፋ እንጨት ከውጭ እየመታ ሲያዞረው አፉ ይጠብባል፣ ሆዱም ይሞላል። ጭቃው የተጋጠመበት መስመር አንዳንድ ጊዜ ከእጀታው በኩል በውስጥ ይታያል፤ ይሁን እንጂ በቅርጽ ማውጫ በተሠሩትም ላይ ሊገኝ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

(ምስል፦ ብራዷ በፈላ ውሃ ስትሞላ)

አሁን የፈላ ውሃ እንጨምርባት። በመጀመሪያ እንፋሎቱን አሽትቱ፤ የጫማ ቀለም ወይም የሰም ሽታ ካለው፣ አሮጌ ለማስመሰል የተቀባ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የመቅጃዋን ጫፍ ከጎን ተመልከቱ፤ ጫፉ ከብራዷ አፍ ዝቅ ካለ፣ ብራዷ ሳትሞላ ውሃው በመቅጃው ይፈስሳል።

ከዚያ ቅዱ። የሚወርደው ውሃ ሳይበተንና ሳይጠማዘዝ እንደ አንድ ክር መውረድ፣ ብራዷ ቀና ስትልም ወዲያው መቆረጥ አለበት፤ ከመቅጃው ሥር እየተንጠባጠበ ወደ ሆዷ የሚንሸራተት ከሆነ የጫፉ አቆራረጥ ጉድለት አለበት። በክዳኑ ላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ቢቆም፣ ክዳኑ በሚገባ ገጥሟል ማለት ነው። ሻጮች በዚህ ሙከራ ይመካሉ፤ እኔ ግን ይበልጥ የምመለከተው ብራዷ ውሃዋን ጨርሳ ለማውጣት የሚፈጅባትን ጊዜ ነው። ኡሎንግ የተባለው የቻይና ሻይ በትንሽ ብራድ፣ በብዙ ቅጠል ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ዙር የሚዘፈዘፈው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ ውሃውን ለማውጣት የምትዘገይ ብራድ፣ ውበቷ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ሻዩን ታመርረዋለች።

(ምስል፦ ክዳኗ ተከፍቶ የምትደርቅ ብራድ)

ይህ ሸክላ እንደ ጀበና እሳት ላይ አይጣድም፤ የፈላ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል። ውስጡ የመስታወት ቅብ ስለሌለው ሽታ ይይዛል፤ ስለዚህም ሳሙና አይነካውም፣ ብዙዎችም ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ ያውሉታል። ሻዩ ካለቀ በኋላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ገና ትኩስ ሳለ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፣ ክዳኑም ተከፍቶ ይደርቃል። ከወራት በኋላ ደብዛዛው ገጽ ለስለስ ያለ ወዝ ያወጣል፤ መጀመሪያም የሚታየው ጣት ዘወትር በሚያርፍበት፣ በክዳኑ ጉጥና በእጀታው ላይ ነው።