የክረምቱ ነፋስና የዓሣ አንበሪዎች ገበታ

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች፤

ባሕር በሌለው አገር ስለ ዓሣ አንበሪ ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ አብዛኞቻችን ይህን እንስሳ የምናውቀው ከነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነውና። ሆኖም ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ለክረምታችን ዝናብ ድርሻ ያለው ያው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣ በሶማሊያና በኦማን ዳርቻ ግዙፋኑን የባሕር እንስሳት ይቀልባል።

ባሕር ሁሉ እኩል ለም አይደለም። የሞቃታማው ውቅያኖስ ውኃ በአብዛኛው ጥርት ብሎ ሰማያዊ የሚሆነው ሕይወት ስለሚያንሰው ነው፤ ብርሃኑና ማዳበሪያው አይገናኙምና። የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች እምብዛም አይዘልቅም፤ ናይትሬትና ፎስፌት ግን ከሞቱ ፍጥረታት ቅሪት ጋር እየሰጠሙ ከታች ይከማቻሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም የሶማሊያን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ሲገፋው፣ መሬት ስለምትሽከረከር ውኃው ወደ ነፋሱ ቀኝ ያደላና ከዳርቻው ይሸሻል፤ በለቀቀውም ቦታ ቀዝቃዛውና ለሙ የጥልቁ ውኃ ይወጣል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነው በዚያ ባሕር የውኃው ሙቀት በአንዳንድ ስፍራ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። በኦማኗ ከተማ በሰላላ የሠሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት የ«ኸሪፍ» (የዚያ አገር የዝናብ ወቅት) ጉምም የሚፈጠረው እርጥቡ ነፋስ ይህን መሰሉን ቀዝቃዛ ውኃ ሲያቋርጥ ነው።

እንግዲህ ፕላንክተን፣ ማለትም በውኃው የሚንሳፈፉ ደቃቅ ዕፅዋትና እንስሳት፣ ይባዛል፤ ሽሪምፕ መሰሉ ትንሽ ፍጥረት ክሪልና ትንሿ ዓሣ ሳርዲንም እርሱን ተከትለው ይበዛሉ፤ ይህ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈጃል። ስለዚህ በሳተላይት ምስል ባሕሩ አረንጓዴ ሆኖ የታየበት ቀንና ዓሣ አንበሪ የሚጠግብበት ቀን አንድ አይደሉም። በእኔ አስተያየት ብዙዎች የሚስቱት ሌላው ነጥብ ይህ ነው፦ ለግዙፍ እንስሳ ወሳኙ የምግቡ ጠቅላላ ብዛት ሳይሆን ጥግግቱ ነው። አፉን በርግዶ አንድ ጊዜ ለመጉረስ ብዙ ጉልበት ያወጣልና፣ የተበታተነ ክሪል ቢጎርስ ኪሳራ ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ቀዝቃዛና ሙቅ ውኃ የሚገናኙባቸውን፣ ምግቡ የሚታጨቅባቸውን መስመሮች ይፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ ሃምፕባክ ከተባለው የዓረብ ባሕር ዓሣ አንበሪ የተሻለ ምስክር አላውቅም። የሌላው ባሕር ሃምፕባኮች ዋልታዎቹ በሚሞቁበት ወቅት ወደዚያ አቅራቢያ ሄደው ይበላሉ፤ በቀዝቃዛው ወቅት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሞቃታማው ባሕር ውስጥ ይወልዳሉ፤ በዚያም ለወራት ጾመኞች ናቸው። የዓረብ ባሕሮቹ ግን በአንዱ ባሕር ይበላሉም ይወልዳሉም፤ ገበታው በነፋሱ ኃይል እቤታቸው ድረስ ይመጣላቸዋልና። በዘረ መል ጥናት መሠረት ከሌሎቹ ከተለዩ 70 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ይህን ልዩ ጠባያቸውን ካስረዱት መረጃዎች አንዱ የተገኘው በአሳዛኝ መንገድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሶቪየት መርከቦች በሕገ ወጥ አደን 242 ሃምፕባኮችን ገድለው ሲያርዱ፣ በሞቃታማ ባሕር ባዶ ይሆናል ተብሎ በሚጠበቀው ሆዳቸው ውስጥ ክሪልና ዓሣ አገኙ። ከዚያ በኋላ በኦማን ዳርቻ በተደረገ ግምት የተገኘው ቁጥር 82 ገደማ ብቻ ነበር።

ወደ እኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ጅቡቲ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ወደብ ላይ ጭነት በሚጠብቁበት ወቅት፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአርታ ዳርቻ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ወጣት ዌል ሻርኮች አፋቸውን ከፍተው ፕላንክተን ሲያጣሩ ይታያሉ። ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ ይህ ፍጥረት ጀርባው ነጠብጣብ ነው፤ ምግቡ በረታ ሲል አንዳንዴ ቀጥ ብሎ በመቆም ውኃውን ይምጋል።

ሃምፕባኮቹም ቢሆኑ ከቤታቸው ጨርሰው አይወጡም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በኦማን የሳተላይት መከታተያ የተደረገላት አንዲት እንስት የዓረብን ባሕር አቋርጣ እስከ ሕንድ ደቡባዊ ዳርቻ ወረደች፤ ከዚያም ወደ ኦማን ተመለሰች። ተመራማሪዎቹ ያወጡላት ስም ሉባን ነው፤ በዓረብኛ ዕጣን ማለት ነው።

አመሰግናለሁ።