«ከደፋሁት ምን ላጠጣው?»

የተከበራችሁ የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት አባላት፣ የቀበሌ ተወካዮች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እኔ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከቤት ቤት መዞር ነው። ዛሬ የመጣሁት ውሃና መኖሪያ ቤት ጤናችንን እንዴት እንደሚነኩ ለሚመረምር አንድ ጥናት በሚቀጥለው በጀት ገንዘብ እንድትይዙ ልጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ከአንድ በርሜል ልጀምር።

ገንደ ቆሬ አንድ ግቢ ገባሁ። በሩ አጠገብ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። አፉ በአሮጌ ሻሽ ተሸፍኗል። ሻሹን ገለጥ አድርጌ በስልኬ መብራት አየሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ላዩ ላይ ግን እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ይወራጫሉ። መብራቱ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። የቢምቢ እጭ ነው።

«አዴ፣ ይሄ ውሃ መደፋት አለበት» አልኳቸው የቤቱን እናት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ከደፋሁት ለዚህ ሕፃን ምን ላጠጣው? ውሃ መቼ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የልጅ ልጃቸው ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ትኩሳቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ለምርመራ ላክሁት፣ ወባ ሆኖ ተገኘ። መዝገቤ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ስጽፍ አፈርኩ። እሳቸውን ትምህርት መች ቸገራቸው? የቸገራቸው ውሃ ነው።

እጩ ከየትኛው ቢምቢ እንደሆነ እኔ በዓይኔ መለየት አልችልም። ወባ ስለምታስተላልፈው ስለ አንዷ ግን ልንገራችሁ። ስሟ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነው። የመጣችው ከእስያ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች። በ2016 ደግሞ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ጠብቃ፣ ኩሬና ረግረግ ፈልጋ ነው የምትራባው። ይህቺ በርሜል ይበቃታል። ሮቶ ይበቃታል። ግንባታ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ውሃም ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም. በደረቁ ወራት፣ ማንም ወባ በማይጠብቅበት ጊዜ፣ ከተማችን በወባ ተመታች። ተመራማሪዎች ታማሚዎቹ የሚኖሩበትን አካባቢ ሲፈትሹ ያገኟት እሷን ነው።

ወባ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ ነበረ። የ2011ን ክረምት ደግሞ ማን ይረሳዋል? ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ጉልበቱን ይዞ ግድግዳ እየተደገፈ ሽንት ቤት የሚሄድ ወጣት አይቻለሁ። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት፣ ኤደስ የምትባለው። መራቢያዋ ግን ያው የተጠራቀመ ውሃ ነው። ሦስት በሽታ፣ አንድ በርሜል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ሁኔታ ጤናን እንዴት እንደሚወስን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው ማይክል ማርሞት ነበሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት የሰውን ጤና የሚወስነው የሚወለድበት፣ የሚያድግበት፣ የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና የሚያረጅበት ሁኔታ ነው ይላል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ጤናን፣ ንጹሕ ውሃን፣ መኖሪያ ቤትንና ምግብን አንድ ላይ ነው የጠራቸው። ሥራ ላይ ግን ለየብቻ ሆነው ቀሩ።

አጎበርን እንውሰድ። አድለናል፣ አሰቃቀሉንም አሳይተናል። ግን በግንቦት ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ማን ያድራል? ሰው ፍራሹን ይዞ ግቢ ይወጣል። አጎበሩ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ይቀራል። «አጎበር አይጠቀሙም» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ቀላል ነው። ተከራይዋ ግን ግቢው ውስጥ ምስማር ለመምታት እንኳ አከራይዋን ማስፈቀድ አለባት። ይሄን የሚጠይቅ ቅጽ የለኝም።

ደቻቱንም አንርሳ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ወንዙ ዳር የሚያድረው ሌላ ቦታ ለመከራየት አቅም ያጣ ሰው ነበር።

የምጠይቃችሁ ጥናት እንዲህ ያለ ነው። አንድ ሙሉ ዓመት ይሁን፣ ክረምቱንም በጋውንም ይይ። ከዚራንም መጋላንም፣ ሳቢያንንም ገንደ ቆሬንም፣ የገጠር ቀበሌዎቻችንንም ያካትት። የውሃው ፈረቃ ከጤና ጣቢያ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ውሃ በጠፋ በስንት ሳምንቱ ትኩሳት ይበዛል? ኪራይ ሲጨምር ሰው ምግቡን ይቀንሳል ወይስ ሕክምናውን? መረጃ የሚሰበስቡት ሰፈሩን የሚያውቁ ወጣቶች ይሁኑ፤ የድካማቸውም ይከፈላቸው። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለእነሱ፣ ለላቦራቶሪና ለመረጃ ትንተና ነው።

ለምን ምክር ቤቱ? የጤና ቢሮ ውሃ አያሰራጭም። የውሃው መሥሪያ ቤት አጎበር አያድልም። የቤቱ ጉዳይ ሌላ ቢሮ ነው። ሁሉም ሪፖርቱን ይዞ የሚመጣው እናንተ ፊት ነው። ሕግ የማውጣት ሥልጣኑም የእናንተ ነው። ስለዚህ ጥናቱ ረቂቅ ደንብ ይዞ ይምጣ። ክዳን የሌለው ሮቶ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? ግንባታ ቦታ ላይ ለሚጠራቀም ውሃ ኃላፊው ማነው? የውሃ ፈረቃ ለነዋሪው ከስንት ቀን በፊት ይነገር?

«ገንዘቡን ለመድኃኒት ብናውለው አይሻልም?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መድኃኒት ያስፈልጋል። ያ ሕፃንም መድኃኒቱን ጨርሶ ድኗል። ከዳነ በኋላ የተመለሰው ግን እዚያው ግቢ፣ እዚያው በርሜል አጠገብ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከመወሰናችሁ በፊት ከመካከላችሁ ሁለት ሦስታችሁ አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር ብትዞሩ ደስ ይለኛል። ከገንደ ቆሬ እንጀምራለን። አዴ «ምን ላጠጣው?» ብለው የጠየቁኝን እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።